ማውሱን ተዉት፣ ቁጥሩን ጠይቁ

እንደምን ዋላችሁ። ፋኑ ከእኔ ድምፅ ይበልጣል፣ ግን በዚህ ሙቀት አጥፉት አልልም። ለምረቃችሁ ንግግር አዘጋጅ ስባል ስለ ቴክኖሎጂ እድገት ምናምን ጽፌ ነበር። ቀድጄ ጣልኩት። የመጣሁት ስለ አንዲት ክሊክ ላወራ ነው።

ግማሾቻችሁ ነበራችሁ። ልጆቹ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ በፕሮግራም በሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር፣ ውስጥ ሆነው ሲፈተኑ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ድሬ ጠባብ ናት። አንዷ ልጅ እጇን አወጣች፦ «መ»ን ስነካ «ለ» ነው የሚመረጠው። ፈታኙ ማውስ ቀየረላት። ያው። ደግሞ ቀየረላት። ያው! ሦስተኛው ላይ «እጅሽ ነው የሚንቀጠቀጠው» አላት። ተጠርቼ ስደርስ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ደህና ማውስ ተከምሯል። ቀስቱን «መ» ላይ አድርጌ ነካሁት። «ለ» ተመረጠ። የእኔ እጅ ደግሞ አይንቀጠቀጥም፣ የበርጫ ሰዓት ገና አልደረሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ 1920 በ1080 ነው፤ ፊደሉ ተለቅ እንዲል ስኬሉ 150 ፐርሰንት ተደርጓል። ያኔ ዊንዶውስ ስኬል ለማያውቅ ፕሮግራም ስክሪኑ 1280 በ720 ነው ብሎ ይነግረዋል። ውስጥ ያለው ጌስት፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ፣ ግን ሙሉ 1920 በ1080 ይዟል። ጌስቱን የሚያሳየን ፕሮግራም ስኬል ከማያውቁት ነው፤ ምስሉን አሳንሶ አስገባው፣ ክሊኩን ግን ረሳው። ልጅቷ ከላይ 600ኛው ፒክስል ላይ ስትነካ 400 ብሎ ሰማና እንዳለ ወደ ውስጥ አሳለፈው። 400 ላይ ያለው «ለ» ነው። የምታየው ቀስት ደግሞ የሆስቱ፣ ማለትም የላፕቶፑ፣ ስለሆነ ቦታው ላይ ነው። በ1.5 ማባዛት ብቻ ነበር የጎደለው!

ልጅቷ አልተሳሳተችም! ማውሱም አልተሳሳተም! የተሳሳተው 400 የማን 400 እንደሆነ ሳይጠይቅ ኮድ የጻፈው ሰውዬ ነው። ዛሬ ከምትመረቁት ነገ ያንን ሰውዬ የሚሆን ካለ ሰርተፊኬቱን ባይወስድ ይሻላል። አጨብጭቡ እንጂ!

ለድሬ ልጅ ይኼ አዲስ አይደለም። ከዚራ ውስጥ አቅጣጫ ስታሳዩ ከባቡር ጣቢያው ስንተኛው መንገድ እንደሆነ ትናገራላችሁ፣ መነሻው አንድ ነው። መጋላ ውስጥ «ከቆምክበት ትንሽ ወደ ቀኝ» ነው፤ የቆምክበት ከተሳሳተ ጠፋህ። የድሮው የፒኤስ ቱ ማውስ እንደ መጋላው ነው፣ ይህን ያህል ተንቀሳቀስኩ ብቻ ይላል። ኪውኢሙ በሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም ላይ የዩኤስቢ ታብሌት የሚባለውን ጠቋሚ ስትመርጡ ግን ከ0 እስከ 32767 ባለው መለኪያ ቦታውን ራሱን ይናገራል። ስክሪኑ ቢሰፋም ቢጠብም ግማሹ ግማሽ ነው።

ስለዚህ ክሊክ ሲስት ማውስ ከመንቀልህ በፊት አራቱን ጥግ ነካ ነካ አድርግ። ከላይ በግራ ደህና ሆኖ ወደ ቀኝና ወደ ታች ስትሄድ ስህተቱ እየሰፋ ከመጣ ስኬል ነው። የትም ብትነካ እኩል ከሳተ ጠርዙ ላይ ያለው ጥቁር ባዶ ቦታ ከቁጥሩ አልተቀነሰም። በነካህ ቁጥር የተለያየ ከሆነ የመጋላው ማውስ ነው።

ስለ ሁለት ስክሪንም ጽፌ ነበር፣ ሰዓት የለም፤ ዊንዶውስ ላይ ከዋናው በስተግራ ያለው ስክሪን ኔጋቲቭ ቁጥር እንደሚይዝ ብቻ አትርሱ። 125 ፐርሰንት ስኬል ደግሞ ጣጣ አለው፣ የስክሪኑን ስፋት 1366ን ለ1.25 ስታካፍሉ 1092.8 ይመጣል። ማጠጋጋቱን መጨረሻ ላይ አንዴ አድርጉት።

ልጅቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አለች። ያን ቀን ስኬሉን 100 አድርጌ ፕሮግራሙን እንደገና ከፈትኩላት፣ ፈተናዋን ጨረሰች። የባከነባትን ሃያ ደቂቃ ግን የጨመረላት የለም። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ ስለዚህ አንተ ፊት ለፊት የተቀመጥከው አለቃ፣ ሰርተፊኬቱን ከእሷ ጀምር።