ስብ ለአንጎል የሚልከው መልእክት

[ምስል፦ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት አይጦች፤ አንዷ ቀጭን፣ አንዷ ድብልብል ያለች።]

ሁለቱም የሚበሉት አንድ መኖ ነው። ቀጭኗ ሲበቃት ትተዋለች፤ ወፍራሟ ጥጋብ የሚባል አታውቅም። ሆዳም ናት ብላችሁ ግን እንዳትፈርዱባት።

[ምስል፦ ከአንጎል ሥር የምትበራ ትንሽ ነጥብ።]

ይህች ሃይፖታላመስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1940 ተመራማሪዎች የአይጦችን ሃይፖታላመስ በከፊል ሲጎዱ አይጦቹ ያለ ልክ ወፈሩ። የምግብ ፍላጎት ልጓም እዚህ ነው ማለት ነው። ግን ራስ ቅል ውስጥ ተዘግቶ ለሚኖር አንጎል፣ ሰውነት ምን ያህል ስብ እንዳጠራቀመ ማን ይነግረዋል?

[ምስል፦ ጎናቸው የተሰፋ ሁለት አይጦች፤ በንድፍ ብቻ።]

ፍንጩን ያገኘው አሜሪካ ውስጥ፣ ሜይን ግዛት በሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዳግላስ ኮልማን ነው። በዘር የወፈሩ ሁለት ዓይነት አይጦች ነበሩት፤ በዓይን እምብዛም የማይለዩ። እያንዳንዷን ከጤነኛ አይጥ ጋር ሰፍቶ ደማቸው እንዲቀላቀል አደረገ። (አዎ፣ ለመስማትም ይከብዳል።) የመጀመሪያዋ ዓይነት ከጤነኛዋ ጋር ስትያያዝ መብላት ቀነሰች። ሁለተኛዋ ግን ምንም አልመሰላት፤ ይልቁንስ አብራት የተሰፋችው ጤነኛዋ መብላት አቁማ በረሃብ ሞተች!

ኮልማን እንቆቅልሹን እንዲህ ፈታው፦ ደም ውስጥ «በቃ» የሚል መልእክት አለ። የመጀመሪያዋ መልእክቱን መሥራት አትችልም። ሁለተኛዋ ከሚገባው በላይ ትሠራለች፣ አንጎሏ ግን አይሰማውም። የሰማችው ጎረቤቷ ናት።

መልእክቱ ራሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ፣ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ዘረመሉን ለየ። ሆርሞኑ ሌፕቲን ተባለ፤ «ቀጭን» ከሚለው የግሪክ ቃል። የሚያመነጨው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ስቡ ራሱ።

[አኒሜሽን፦ ሁለት የነርቭ ሴሎች፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ።]

ሃይፖታላመስ ውስጥ አንዱ «ብላ»፣ ሌላው «ተው» የሚሉ ጎረቤታሞች አሉ። ሌፕቲን «ብላ» ባዩን ዝም ያሰኛል፣ «ተው» ባዩን ያነቃቃል። እንስሳው ሲከሳ ሌፕቲኑ ያሽቆለቁላል፤ ያኔ «ብላ» ባዩ ይጮኻል፣ ሰውነትም ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። የቀነሰ ክብደት ተመልሶ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባዶ ጨጓራም ግሬሊን የሚባል የራሱን መልእክተኛ ይልካል፤ እሱ ግን ጉዳዩ ከቀጣዩ ማዕድ ጋር ነው።

ሌፕቲን ሲገኝ ብዙዎች የውፍረት መድኃኒት ተገኘ ብለው ነበር። በርግጥ ሌፕቲን መሥራት ሳይችሉ የተወለዱ ጥቂት ሰዎች መርፌውን ሲወስዱ ረሃባቸው ይበርዳል። የአብዛኞቹ ወፍራም ሰዎች ደም ግን ቀድሞውኑ በሌፕቲን የተሞላ ነው። የሚመስሉት የኮልማንን ሁለተኛዋን አይጥ ነው።