የመጀመሪያው የላባ ዝንባችሁ፦ ከጎንደር ዶሮ ላባ የዓሣ ማጥመጃ እንሥራ

[ምስል፦ መንጠቆ ላይ የተሠራ ጥቁር የላባ ዝንብ፣ በጣም በቅርበት]

ይህ የምታዩት መንጠቆ ነው። የተጠመጠመበት ደግሞ የዶሮ ላባ፣ የሹራብ ክርና ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ላባው ይወዛወዛል። ዓሣው ነፍስ ያለው ምግብ ይመስለዋል፣ ይጎርሰዋል። ትል መቆፈር የለ፣ ሊጥ ማድበልበል የለ። አንዳንዱ የላባ ዝንብ ነፍሳትን ይመስላል፣ አንዳንዱ ትንሽ ዓሣን ወይም አልቅትን። ዛሬ አንድ አብረን እንሠራለን።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ዕቃ ሲሰበስብ ይከርማል። በየዓይነቱ ላባ፣ በየቀለሙ ክር። የኔ ምክር የተለየ ነው። አንድ ዓይነት ዝንብ፣ አንድ የመንጠቆ ቁጥር፣ አንድ ቀለም ምረጡ። የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ክር ማጥበቅና ማላላት ነው። እሱን የሚያውቀው እጅ ነው፣ እጅ ደግሞ የሚፈታው አንዱን ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ነው።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ቀይና ጥቁር ላባ]

ጥበቡ የቆየ ነው። ኤሊያን የሚባል የሮማውያን ዘመን ጸሐፊ፣ ከዛሬ 1800 ዓመት ገደማ በፊት የመቄዶንያ ሰዎችን አጠማመድ ጽፎልናል። መንጠቆው ላይ ቀይ ሱፍ ይጠመጥማሉ ይላል። ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የተነቀሉ፣ ሰም የመሰሉ ሁለት ላባዎች ያክሉበታል። ዘንጋቸው ስድስት ጫማ፣ ክራቸውም ያንኑ ያህል። እንግዲህ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ ከሆነ፣ ጎንደር ላይ ምን ጠፍቶ!

ላባው ላይ ትንሽ እንቆይ። የምንፈልገው የአውራ ዶሮውን የአንገትና የወገብ ላባ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ሲታረድ እናቶች ቶሎ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ «እማዬ፣ የአንገቱን ላባ ልውሰድና ከዚያ ንከሪው» በሉ። ደረቁን የተነቀለ ላባ ቅርጹን ይጠብቃል፤ የተቀቀለው ይጨማደዳል። ቀዩም፣ ጥቁሩም፣ ገብስማውም ይሆናል። እኔ ለጀማሪ ጥቁር እመርጣለሁ፣ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጥላው ጎልቶ ይታያል።

ከዚያ በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። ሲደርቅ በፌስታል ጠቅልላችሁ ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ብል ላባ ይወዳል። አንዴ ከገባ የሰበሰባችሁትን ሁሉ ዱቄት ያደርገዋል።

[ምስል፦ ፒንሳ፣ መቀስ፣ ክር፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የጥፍር ቀለም]

መሣሪያው ቀላል ነው። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሠራ ትንሽ ሞርሳ አለ፣ ካገኛችሁ ግዙት። ካልሆነ መንጠቆውን አፈ ሹል ፒንሳ አስነክሱት፣ እጀታውን በላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩና ፒንሳውን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር አጣብቁት። ዋናው መንጠቆው እንዳይነቃነቅ ነው። መቀሱ ትንሽና ስለታም ይሁን። ሽቦ የምትቆርጡበት መቀስ ግን ሌላ ይሁን።

ክሩ ከልብስ ሰፊ የሚገኝ ቀጭን የፖሊስተር ክር ይበቃል። የጥጥ ክር አይሁን፣ ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። የመዳቡን ሽቦ ከተቃጠለ ትንሽ ሞተር ፍቱት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነውን። መንጠቆው ረዘም ያለ፣ ቁጥር 6 ይሁን። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። 6 ቁጥር ከ10 ቁጥር ይበልጣል።

የምንሠራው ዝንብ ዘመዱ ውሊ በገር ይባላል። በፈረንጆቹ 1967 ራስል ብሌሲንግ የሚባል የፔንስልቬንያ ሰው የሠራው ነው። ዛሬ ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው እሱ ነው፣ ትልቅ ስለሆነ ስህተት ይችላል።

[ምስል፦ ሞርሳው በቅርበት፣ ሁለት እጆች]

መጀመሪያ የመንጠቆዋን ጥርስ፣ ከጫፉ ሥር ወደ ኋላ የዞረችውን፣ በፒንሳ ጫን አድርጋችሁ አስተኟት። ዓሣውን ለመልቀቅ ይቀላል፣ ጣታችሁ ላይ ከገባም በቀላሉ ይወጣል። ብረቱ ተሰብሮ ሊፈናጠር ስለሚችል መነጽር አድርጉ።

አሁን ቆልማማውን ክፍል አስነክሱ፣ ቀጥ ያለው ክፍል ወደ ጎን ተኝቶ ይታያችሁ። ክሩን ከመንጠቆው ዓይን ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ ጀምሩ። በግራ እጅ ጫፉን ያዙ፣ በቀኝ እጅ ራሱን በራሱ ላይ እየደረባችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥሙ። ትርፉን ቁረጡ። እየጠመጠማችሁ እስከ ቆልማማው መጀመሪያ ሂዱ። እጃችሁን ስታነሱ ክሩ እንዳይፈታ የልብስ መቆንጠጫውን አንጠልጥሉበት። ክብደቱ ወጥሮ ይይዘዋል።

ቀጥሎ ጅራቱ። እዚህ ጋ አትቸኩሉ።

ከላባው ሥር፣ ከቆዳው አጠገብ፣ ለስላሳ ጥጥ መሳይ ክፍል አለ። ውሃ ውስጥ የሚወዛወዘው እሱ ነው። ከጥቂት ላባዎች ያንን ሰብስቡና በጣታችሁ ውሃ አስነኩት፣ እርጥብ ሲሆን አንድ ላይ ይቆማል። ርዝመቱ የመንጠቆውን ቀጥ ያለ ክፍል ያህል ይሁን። አሁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አድርጋችሁ መንጠቆው ጀርባ ላይ ቆንጥጡት። ክሩን ወደ ላይ አምጡ፣ በሁለቱ ጣቶቻችሁ መሃል ላላ አድርጋችሁ አሳልፉት፣ በወዲያኛው በኩል አውርዱት። አሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ሳቡ። ጣታችሁን አትልቀቁ! አንድ ሁለት ጊዜ ድገሙትና ከዚያ ልቀቁ።

[ምስል፦ ያው እንቅስቃሴ በዝግታ ይደገማል]

ጅራቱ ከጀርባው ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ተሳክቶላችኋል። ወደ ጎን ከዞረ ጣታችሁ ቀድሞ ለቋል ማለት ነው፣ ፍቱና ድገሙት። ይህቺ ላላ አድርጎ መጠምጠም፣ ቆንጥጦ ማጥበቅ፣ በየትኛውም ዝንብ ላይ ታገኟታላችሁ። ሌላው ሁሉ በሷ ላይ የሚጨመር ነው።

ጅራቱ ከተያዘበት ቦታ ሽቦውንና ጥቁር የሹራብ ክር አስራችሁ ክሩን ወደ ፊት መልሱ። የሹራቡን ክር ወደ ዓይኑ እየጠመጠማችሁ ገላውን ሥሩ። ግን ከዓይኑ ኋላ የዓይኑን እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ ተዉ። ጀማሪ ሁሉ ይህን ቦታ ያጨናንቀዋል፣ ከዚያ ቋጠሮውን የሚያሳርፍበት ያጣል።

አሁን የአንገት ላባው። የላባው ፀጉር ርዝመት በመንጠቆው ጫፍና በግንዱ መካከል ካለው ክፍተት አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን። በወፍራሙ በኩል ከፊት እሰሩት፣ ጫፉን በፒንሳ ይዛችሁ እያራራቃችሁ አራት አምስት ዙር ወደ ኋላ ጠምጥሙ። ጅራቱ ጋ ሲደርስ በሽቦው ያዙት። ሽቦውን ላባው ከዞረበት በተቃራኒው አዙራችሁ ወደ ፊት አምጡት፣ ላባውን ሰንጎ ይይዘዋል። ፀጉሩን እንዳይጨፈልቀው ሽቦውን እያወዛወዛችሁ አሳልፉት። ከፊት በክር አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ትርፉን ሽቦ በማወዛወዝ ስበሩት።

የመጨረሻው ቋጠሮ። ቀለም የጨረሰ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ ውሰዱ። ክሩን አንድ ዙር በቀፎው ላይ አዙሩ፣ የቀፎውን ጫፍ ዓይኑ ላይ ደቅኑ፣ ዙሩን ወደ መንጠቆው አንሸራቱና ሳቡ። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ክሩን ቁረጡ፣ ራሱ ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉ። ዓይኑ እንዳይደፈን ላባ አሳልፉበት። በቃ።

[ምስል፦ ዝንቡ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል]

ከመውጣታችሁ በፊት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ጅራቱ ካልተወዛወዘ በዝቷል ማለት ነው፣ በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ ቀንሱ። በመቀስ አትቁረጡት፣ ጫፉ ደረቅ ብሎ ይቀራል።

አሁን ወደ ጎርጎራ። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም። ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፣ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። የኛ ዝንብ የተሠራው ለነሱ ነው። ይህን የመሰለ የዓሣ ቤተሰብ በፊሊፒንስ ላናው ሐይቅም ነበር፣ ዛሬ ግን አብዛኛው ጠፍቷል። የጣናው እንዲተርፍ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ከክረምቱ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ ዓሣው ለመራባት ወደ መገጭና ድርማ ወንዞች ሲወጣ፣ ወንዝ ላይ አታጥምዱ። ያን ጊዜ ቤት ቁጭ ብላችሁ ዝንብ ሥሩ። በሌላው ወቅትም ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ልዩ ዘንግ ባይኖራችሁም ችግር የለም። ረጅም ቀርከሃና ዘንጉን ያህል የናይለን ክር ይበቃል፣ መቄዶንያዎቹም ከዚህ የተሻለ አልነበራቸውም። ዝንቡን ጣሉት፣ እስኪሰምጥ ጠብቁ። አጠር አጠር አድርጋችሁ ሳቡት፣ አቁሙት፣ ደግሞ ሳቡት። ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ዝንቡ ሲሰምጥ ስለሆነ ዓይናችሁ ክሩ ላይ ይሁን። ቀጥ ካለ ወይም ድንገት ከቆመ ዘንጉን አንሱ።