የአያቶቻችሁን ድምፅ ቅዱ

(በደብረ ብርሃን ከተማ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ፋሲካ ደርሷል። ብዙዎቻችሁ ወደ መንዝ፣ ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ቡልጋ፣ ወደ ምንጃር ልትሄዱ ነው። ልለምናችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ይዛችሁት የምትሄዱት ስልክ የአያቶቻችሁን ድምፅ ይዞ ይመለስ።

አገራችን ስለ ነገሥታቱ ብዙ ተጽፎላታል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን አንኮበር ከእንግሊዝ የመጡ መልእክተኞች ሳይቀሩ ጽፈውታል። በቤተ መንግሥቱ ለሚበላው ለዚያ ሁሉ ግብር እህል የፈጨችው፣ ጌሾ የወቀጠችው ሴት ግን ምን ታስብ እንደነበር የጻፈልን የለም። ያቺ ሴት እዚህ ከተቀመጥነው የአንዳችን ምንጅላት ትሆናለች። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አባቶች ዛሬም አሉን። ልጆቻችን ግን ከአያት በላይ ሲጠየቁ ዝም ይላሉ።

«እንጽፈዋለን» የሚል አለ። ይጻፍ፣ ጥሩ ነው። ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው። ምንጃር ያለው አጎቴ ጤፍ ሲያበራይ ለበሬዎቹ የሚያዜመውን ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ። ወረቀት ላይ ሳሰፍረው አራት መስመር አልሞላም። ድምፁን ስትሰሙት ግን መሀል ላይ ቆም ብሎ በሬውን በስሙ ይጠራል፣ ያባብላል፣ ትንፋሹን ይሰበስብና እንደገና ያነሳል። ይህን የትኛው ብዕር ይይዘዋል?

አሁን ወደ ሥራው። ቡና ሲወቀጥ አትቅዱ፣ ሙቀጫው ወሬውን ይውጠዋል። አቦሉ ተቀድቶ ቤቱ ረጋ ሲል ጀምሩ። ስልኩን በረራ ሞድ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ ጨዋታው ሲጥም ይደወላል። ረከቦት ላይ አታስቀምጡት፣ ሲኒው በተነካ ቁጥር ይንኳኳል። የታጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከሚናገሩት ሰው ክንድ ያህል ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የሚናገሩትን ሰው ስም በድምፅ ተናገሩ። የአንድ ሰዓት ድምፅ በመካከለኛ ጥራት 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። ቪዲዮ ያንን በአንድ ደቂቃ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ቪዲዮን እጅ ለሚሠራው ሥራ አቆዩት። የመንዝ ባና ጸጉሩ ሲነደፍ፣ ሲፈተል፣ ሲሸመን መታየት አለበት።

«ታሪክዎን ይንገሩኝ» ካላችሁ መልሱ «እኔ ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ነው። ትንሽ ነገር ጠይቁ። «እማማ፣ ሲዳሩ በበቅሎ ነው የሄዱት በእግር?» በሏቸው። ከበቅሎዋ ወደ ሚዜዎቹ፣ ከሚዜዎቹ ወደ አማታቸው ራሳቸው ይወስዷችኋል። ዝም ሲሉ ቶሎ ሌላ ጥያቄ አትደርድሩ። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው። ዓመተ ምሕረት ባይነግሯችሁም አትጨነቁ። «ጣልያን ሲወጣ እናቴ እኔን አርግዛ ነበር» ካሉ፣ ጣልያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ የልደት ዘመናቸውን አገኛችሁት ማለት ነው።

አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ ማጋራቱ ነው። የሰማነውን ሁሉ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ አለብን ያለው ማን ነው? በየቤታችን የርስት ክርክር አለ፣ ደም አለ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ተማምለው የታረቁ ቤተሰቦች ዛሬ አብረው ማኅበር ይጠጣሉ። የአያታችሁ ወሬ የጎረቤትን አባት በገዳይነት ስም የሚጠራ ከሆነ፣ በአንድ ምሽት የተለቀቀ ድምፅ ያንን እርቅ ሊያፈርሰው ይችላል። እንዲህ ያለውን ቅዱት፣ ግን አስቀምጡት። ቀረጻው ሳይዘጋ «አባባ፣ ይህን ማን ይስማው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ልጆቼ ብቻ» ካሉ ልጆቻቸው ብቻ ናቸው። የአደራ ቃል ነው።

ለቤተሰብ ግን የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል። አረብ አገር ያለችው እህት፣ አሜሪካ ያለው ወንድም በዚያ ይሰማል። ደግሞ ዝም ብለው አይሰሙም፣ «ያቺ ቀይ ላም ስሟ ማን ነበር?» ብለው መልሰው ይጠይቃሉ። እዚያ የተወለዱት ልጆች የአያታቸውን አማርኛ በዚህ ይለምዱታል።

አንድ ስልክ ላይ ብቻ የተቀመጠ እንደሌለ ቁጠሩት። ስልክ ይሰረቃል፣ ሚሞሪ ይበላሻል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የተቃጠለው ቤት ብቻ አይደለም፣ በየሳጥኑ የነበረው የሰርግ ፎቶና ደብዳቤም ነው። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ሌላ ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ። የቆዩ ፎቶዎችንም በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ አንሷቸው። ከጀርባቸው የተጻፈ ካለም እሱን አብራችሁ አንሱ።

አባቶችና እናቶች፣ ልጆቹ ሲጠይቋችሁ «ሌላ ጊዜ» አትበሏቸው፣ እባካችሁ። የስልክ ነገር የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት ወጣቶች ከስብሰባው በኋላ ያሳዩአችኋል። ጥያቄም ካላችሁ እኔ እዚሁ ነኝ።

መልካም የትንሣኤ በዓል። አመሰግናለሁ።