ስንት ሰው ይበቃል?

እሺ... እየቀዳ ነው። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ብርዱንም ጋቢውንም ታውቁታላችሁ። ዛሬ የወንድሜን ታሪክ ክፍል ሁለት ነበር ቃል የገባሁላችሁ። እሱ ይቆየን። አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል።

ያቺ ልጅ። ልጅ ትሁን ትልቅ ሴት እንኳ አላውቅም፣ ስሟ ላይ አበባ ብቻ ነው ያለው። በዚያ በትልቁ የክሪፕቶ፣ የዲጂታል ገንዘብ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ ማታ ላይ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች። «ከመሐል ሜዳ ነኝ። ዋሌቴ አልከፈት አለኝ። አንድ አድሚን በውስጥ መስመር 12ቱን ቃላት ላኪልኝ እያለኝ ነው፣ ልላክለት?»

እነዚያ ቃላት እኮ የዋሌቷ፣ የክሪፕቶ ቦርሳዋ፣ ቁልፍ ናቸው። ከ2,048 ቃላት ዝርዝር የተመረጡ፣ በቅደም ተከተል የተቀመጡ። እነሱን የያዘ ሰው ገንዘቡን ያዘ ማለት ነው። ደውላችሁ «አግዱልኝ» የምትሉት ባንክ የለም።

«እንዳትልኪ!» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ለምን እንደሆነም ላስረዳት ፈለግሁ። እኔ ስጽፍ ግሩፑ ይሮጣል። አንዱ የሮኬት ስቲከር ለጠፈ። አንዱ «ዛሬ ሊስት ይደረጋል?» አለ። ሌላው ሊንክ ጣለ። ጽፌ ጨርሼ ስልከው ጥያቄዋ የለም። ጠፍቷል። ራሷ አጥፍታው ይሁን፣ ሰውዬው አጥፊው ብሏት ይሁን፣ እንጃ። ወደ ላይ ወጣሁ፣ ወደ ታች ወረድኩ። በስሟ ፈለግሁ። አበባ ያለበት ስም ስንት አለ መሰላችሁ!

የሚገርመኝ ያን ሁሉ ሰው ነው። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ «ተይ» የሚላት አንድ ሰው ቀድሞኝ ቢሆን ኖሮ...

ሃምስተሩን፣ ያንን የቴሌግራም ጨዋታ፣ ታስታውሳላችሁ አይደል? የ2016ን ክረምት ስልክ ስንጠበጥብ ነው የከረምነው። ቶክኑ፣ ለጨዋታው የሚሰጠን ክሪፕቶ፣ የወጣው መስከረም 16፣ 2017 ነው። የደመራ ዕለት! ደመራው ዙሪያ ቆሞ አንገቱን ስልኩ ላይ የደፋ ሰው ትዝ ይለኛል። ብዙዎቹ የደረሳቸው ጥቂት ዶላር ነበር። ያን ቀን ሰው ያዘነው ለየብቻው ነው። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል፣ ለየብቻው።

እና እኛ የራሳችንን ትንሽ ግሩፕ የከፈትነው ለዚህ ነበር። ከጠባሴ ሰፈር ልጆች ጋር። እዚያ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢመጣ ጽሑፍ አይጠበቅም፣ ይደወላል። የእናቴን እድር ነው የምትመስለኝ፣ ሰው ሲቀር ይታወቃል።

ግን... ሁሉን ልናገር። ትንሿም ታስጨንቀኛለች። ገበያው ሲወርድ ጭር ትላለች። ደግሞ አንድ ብዙ የሚያውቅ ልጅ አለን፣ እሱ ያለው አለቀ። «የቢትኮይን ቁጥር ከ21 ሚሊዮን አይበልጥም፣ ስለዚህ ዋጋው ሁሌም ይጨምራል» አለ። ሁላችንም አሜን። ትልቁ ግሩፕ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ነው ነገሩን የፈታልኝ። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በየብሎኩ፣ በየአንዱ የግብይት መዝገብ ገጽ ማለት ነው፣ አዲስ የሚወጣው ቢትኮይን ወደ 3.125 መውረዱን ነገረኝ። ከዚያ «የሚወጣው ስላነሰ ብቻ ዋጋ አይጨምርም፣ የሚገዛ ሰው ከሌለስ?» አለኝ። በቃ። ጓደኞቼ ያንን አልጠየቁኝም፤ እንዋደዳለንና። ስለዚህ የሚከራከር ሰውም ያስፈልጋል። ምናልባት ሠላሳ ሰው? መቶ? በቁጥር የሚያዝ ነገርም አልመሰለኝም።

ከሁሉም የከፋኝ ግን ሌላ ነው። የኛ ግሩፕ ዝግ ነው። ያቺ የመሐል ሜዳዋ ልጅ ልትገባ ብትፈልግ እንኳ መንገዱ የላትም። ትልቁ ጋ የሄደችው እኮ በሩ ክፍት የሆነው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። እኛ እርስ በርስ ተጠባብቀን፣ ሞቆን ተቀምጠናል። ሜዳ ላይ የቀረው ሰውስ?

ሊንኩን እንልቀቀው ብል ያ «አድሚን ነኝ» ባዩም ይገባል። አንዱ ልጅ «ሰው በዋስ ይግባ» አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ዋስ የሚያገኘው የሚያውቀው ያለው ሰው ነዋ! የሚያውቀው ያለውማ መጀመሪያም ብቻውን አልነበረም። ትናንት ማታ በዚሁ ስንጨቃጨቅ አመሸን። የምንዋደደው ሰዎች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ደስም አለኝ፣ ደበረኝም።

እኔ ያልኩት፣ እንክፈተውና የሚገባውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ በስልክ እናናግረው ነው። «ማን ነው ማታ ማታ ስልክ የሚያነሳው?» አሉኝ። እኔ አነሳለሁ አልኩ። የምሬን ነው፣ አነሳለሁ። ግን መቶ ሰው ሲሆንስ? ሁለት መቶ ሲሆንስ... እና ዝም አሉ። እስካሁን የመለሰልኝ የለም፣ አሁንም ሳየው...