ለፋይናንስ ተማሪ ላፕቶፕ ስትገዙ፦ ከ‹‹ኮር አይ ሰቨን›› ተለጣፊ በፊት የሚታዩ ነገሮች

[ስክሪን፦ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ጎን ለጎን። አንዱ ላይ ኮር አይ ሰቨን፣ ሌላው ላይ ኮር አይ ፋይቭ የሚል ተለጣፊ ይታያል።]

በግራ ያለው ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ሰቨን 7500ዩ ነው። በቀኝ ያለው ኮር አይ ፋይቭ 8250ዩ። ሱቅ ስትገቡ የመጀመሪያው በስሙ ብቻ ውድ ሆኖ ይቀርብላችኋል፤ ወላጅም ለልጁ የተሻለውን የገዛለት እየመሰለው ይከፍላል። ውስጣቸው ሲታይ ግን 7500ዩ 2 ኮር (ስሌቱን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፤ 8250ዩ 4 ኮር አለው። ይባስ ብሎ 7500ዩ 7ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ስለሆነ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ብቁ ነው ብሎ አይቀበለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ገና አንደኛ ዓመት ለሚገባ ተማሪ ይህን መግዛት፣ ጊዜው ባለፈበት ማሽን ትምህርት ማስጀመር ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ ‹‹አይ ፋይቭ ነው ወይስ አይ ሰቨን?›› አይሁን። ‹‹ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?›› በሉ።

[ስክሪን፦ የፕሮሰሰር ቁጥሮች በትልቁ፦ 8350ዩ፣ 10210ዩ፣ 1135ጂ7፣ 1235ዩ]

ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ነው። በ8 ከጀመረ 8ኛ ጀነሬሽን ነው። በ1 ከጀመረ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች አንድ ላይ አንብቡ፤ 10210ዩ 10ኛ፣ 1135ጂ7 11ኛ፣ 1235ዩ 12ኛ ነው። ከኢንቴል ከ8ኛ በታች አትውረዱ፤ አቅም ከፈቀደ 10ኛ ወይም 11ኛ ይሻላል። ኤኤምዲ ራይዘን ከሆነ ከ4000 ተከታታይ ጀምሮ ያለውን ምረጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ያገለገሉ ላፕቶፖች ገበያ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ዴል ላቲትዩድ 7490፣ ሦስቱም 8ኛ ጀነሬሽን ተብለው ነው የሚታወቁት። ነገር ግን ሦስቱም በ7ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰርም ተሠርተዋል። የሞዴሉን ስም አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትነኩ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር በቀኝ በኩል ከላይ ይወጣል። ተለጣፊ ይቀየራል፤ ይህን ቁጥር መቀየር ግን እንደ ተለጣፊ ቀላል አይደለም።

[ስክሪን፦ የኤክሴል ፋይል፤ ከታች ‹‹ካልኩሌቲንግ›› የሚል ጽሑፍ እየሮጠ]

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የፋይናንስ ተማሪ ላፕቶፑ ላይ የሚያሳልፈው አብዛኛው ጊዜ ኤክሴል ላይ ነው። ከዚያ የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ይመጣል፣ ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው። ለጥናት ወረቀት ሲደርስ እንደ ኤስፒኤስኤስ፣ ስታታ ወይም ኢቪውስ ያለ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይጨመራል። እነዚህ ሁሉ ከባድ የግራፊክስ ካርድ አይጠይቁም። የጌም ላፕቶፕ ለዚህ ትምህርት ክብደቱ፣ ትልቅ ቻርጀሩና ቶሎ የሚያልቀው ባትሪው ነው የሚተርፋችሁ።

ኤክሴል የሚፈልገው ምንድን ነው? ተራ ፎርሙላዎችን በብዙ ኮር ከፋፍሎ ያሰላል። በሁለት ቦታ ላይ ግን በአንድ ኮር ብቻ ነው የሚሠራው፦ ማክሮ ሲሮጥና ዋት-ኢፍ ውስጥ ያለው ዳታ ቴብል ሲሰላ። የፋይናንስ ተማሪ የወለድ መጠንና የሽያጭ እድገት ሲለዋወጡ የኩባንያው ዋጋ ምን ያህል እንደሚቀየር የሚያሳየው በዚያው ዳታ ቴብል ነው። ብዙ ኮር ያለው ውድ ፕሮሰሰር ለዚህ አያግዝም፤ የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው የሚወስነው፣ እሱም በየጀነሬሽኑ ተሻሽሏል። ፋይሉ አንድ ቁጥር በነካችሁ ቁጥር የሚቆም ከሆነ ሌላ ላፕቶፕ ከማሰባችሁ በፊት ፎርሙላስ ውስጥ ካልኩሌሽን ኦፕሽንስን ክፈቱና ‹‹አውቶማቲክ ኤክሴፕት ፎር ዳታ ቴብልስ›› (በአዳዲሶቹ ኤክሴሎች ‹‹ፓርሻል››) የሚለውን ምረጡ። ሰንጠረዡ እንዲሰላ ስትፈልጉ ኤፍ9ን ትጫናላችሁ። ኦፍሴትና ኢንዳይሬክት የሚባሉት ፎርሙላዎች በብዛት የተረጩበት ፋይልም እንዲሁ ይንቀራፈፋል፤ ሁለቱ ማንኛውም ለውጥ በተደረገ ቁጥር እንደገና ይሰላሉ።

ራም፦ 8 ጂቢ ያስጀምራል፣ 16 ጂቢ ያስጨርሳል። ዊንዶውስ 11፣ ብራውዘርና አንድ የዙም ክፍል ሲከፈቱ ከ8ቱ ብዙም አይተርፍም፤ ትርፉ ላይ ኤክሴልና ስታታ ሲደረቡ ማሽኑ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ ያኔ ሁሉ ነገር ይዘገያል። 8 ጂቢ የምትገዙ ከሆነ ወደፊት መጨመር መቻሉን አረጋግጡ። ቲ480 ሁለት የራም ስሎት አለው፤ ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለየው ቲ480ኤስ ግን ከራሙ ከፊሉ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ስሎቱም አንድ ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪን ስትነኩ ‹‹ስሎትስ ዩዝድ›› የሚል መስመር አለ። 1 ከ2 ካለ አንድ ባዶ ቦታ አላችሁ ማለት ነው፤ በኋላ 8 ጂቢ ገዝታችሁ ታስገባላችሁ።

ራም ጨምረውም ኤክሴል ‹‹ሜሞሪ አልበቃኝም›› ማለቱን የማይተውባቸው አሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የተጫነው ኦፊስ ባለ 32 ቢት መሆኑ ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ማሽኑ 16 ጂቢ ቢኖረውም ከ2 እስከ 4 ጂቢ አካባቢ ካለው ጣሪያ አያልፍም። ኤክሴል ውስጥ ፋይል፣ አካውንት፣ አባውት ኤክሴል ብላችሁ ግቡ፤ ከላይ 32 ቢት ወይም 64 ቢት ይላል። 32 ከሆነ አጥፍታችሁ 64ቱን ጫኑ።

ዲስክ ላይ ብዙ አንቆይም። ኤስኤስዲ ይሁን፣ ከ256 ጂቢ አይነስ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ በጣም ረክሶ ካገኛችሁ የኤስኤስዲውን ዋጋ ደምራችሁ አስሉ። ከሁሉም የምንፈራላችሁ ግን አዲስ፣ ቀጭንና የሚያምሩትን ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጂቢ ራምና 64 ጂቢ ኢኤምኤምሲ የሚባል ማከማቻ ያላቸውን ነው። በካርቶን ታሽገው ስለሚመጡ ያሳምናሉ። 64 ጂቢው በዊንዶውስና በማሻሻያዎቹ ይሞላል፤ ራሙም ዲስኩም የተበየዱ ስለሆኑ መፍትሔ የላቸውም። ክሮምቡክም በዚህ ዋጋ ይገኛል፤ የዴስክቶፕ ኤክሴልና ፒችትሪ አይጫኑበትም።

[ስክሪን፦ አንድ ዓይነት የሒሳብ መግለጫ በሁለት ስክሪን ላይ]

ስክሪን ላይ ግን አትቆጥቡ። 1366 በ768 የሆነ ስክሪን ወደ 1 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ 1920 በ1080 ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ። የአምስት ዓመት የገቢ መግለጫ ስትሠሩ በመጀመሪያው ላይ ወዲያና ወዲህ ስትገፉ የትኛው ዓምድ የትኛው ዓመት እንደሆነ ይጠፋችኋል። ያገለገሉ ላቲትዩዶችና ኤሊትቡኮች በሁለቱም ዓይነት ስክሪን ስለሚመጡ ዴስክቶፑ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ ቁጥሩን ተመልከቱ። ስክሪኑን ከጎንም እዩት፤ ቀለሙ ከተገለበጠ ወይም ከጠቆረ ርካሹ ዓይነት ነው።

14 ኢንች ላፕቶፕ በቀኝ በኩል የቁጥር ሰሌዳ የለውም፤ 15.6 ኢንች ላይ ብዙውን ጊዜ አለ። ቁጥር በብዛት ለሚያስገባ ሰው ሰሌዳው ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም በየቀኑ ከዶርም ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ላይብረሪ ለሚሸከም ተማሪ 14ቱን እንመርጣለን፤ በዩኤስቢ የሚሰካ የቁጥር ሰሌዳ ለብቻው ይገዛል።

ማክቡክስ? እ.ኤ.አ. የ2020ው ማክቡክ ኤር ኤም1 ባትሪው ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ማራገቢያ ስለሌለው ድምፅ የለውም። ኤክሴል ይሠራበታል፤ ሶልቨርና የዳታ አናሊሲስ መሣሪያውም አሉ። ብዙ ሰንጠረዦችን አገናኝቶ የሚተነትነው ፓወር ፒቮት ግን በማክ ኤክሴል ውስጥ የለም፤ ፒችትሪም ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው። በትምህርት ክፍላችሁ ፒችትሪ የሚሰጥ ከሆነ ማክ አትግዙ።

[ስክሪን፦ ባትሪና ቻርጀር]

መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪ ቅንጦት አይደለም። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲሸጥ ‹‹4 ሰዓት ይይዛል›› የሚለውን ቃል አትመኑ፤ ማሽኑን ራሱን ጠይቁት። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ፤ ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ሰረዝ፣ ባትሪሪፖርት ብላችሁ አሁን ስክሪኑ ላይ እንደምታዩት ጻፉና ኢንተር በሉ። የሚፈጠረውን ፋይል ስትከፍቱ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፦ ዲዛይን ካፓሲቲና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ። ለምሳሌ የመጀመሪያው 48,000፣ ሁለተኛው 28,800 ከሆነ ባትሪው የቀረው 60 በመቶ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስልን በሉ። ታችፓዱ ከፍ ብሎ ወይም የታችኛው ክዳን ተነፍቶ ካያችሁ ባትሪው አብጧል፤ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በዚያ ዋጋ ላይ መደራደርም አይገባም፣ ተዉት።

ከዱባይ ወይም ከእንግሊዝ የመጣ ቻርጀር ሦስት ካሬ እግር አለው። ልል አዳፕተር ላይ ሲሰካ ይሞቃል፣ ብልጭ ይላል። ከቻርጀሩ ሳጥን እስከ ግድግዳ ያለው ገመድ ብቻውን ይነቀላል፤ ባለ ሁለት ክብ እግር ገመድ ገዝታችሁ ቀይሩት።

[ስክሪን፦ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ፤ አንድ እጅ የኃይል ቁልፉን ሲጫን]

አሁን ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበት ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ያገለገሉ የቢዝነስ ላፕቶፖች የሚመጡት ከውጭ ድርጅቶች ነው። ድርጅቱ ማሽኑን ከዝርዝሩ ካላወጣው የእሱ ንብረት ሆኖ ይቀራል። ላፕቶፑ ሱቅ ውስጥ በደንብ ይሠራል፤ ቤት ወስዳችሁ ዊንዶውስን እንደገና ስትጭኑና ኢንተርኔት ስታገናኙ የማታውቁት ኩባንያ ስም ይወጣና የሠራተኛ ኢሜይልና ፓስዎርድ ይጠይቃል። ይህን የሚከፍተው ያ ድርጅት ብቻ ነው።

ለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሱና ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ግቡ፦ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ፓስዎርድ ከጠየቀ አትግዙ። ከገባላችሁ ሴኩሪቲ ውስጥ ድርጅት ማሽኑን ከርቀት የሚከታተልበትን አብሶሉት ወይም ኮምፒውትሬስ የሚለውን ፈልጉ፤ አክቲቬትድ ካለ ተዉት። ሁለተኛ፣ ባለሱቁ ፊት የስልካችሁን ሆትስፖት አገናኝታችሁ ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ሪሴት አድርጉ። አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ባለሱቁ ካልታገሠ ‹‹የድርጅት መቆለፊያ ከተገኘበት ገንዘብ ይመለሳል›› የሚል ቃልና የመመለሻ ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥርም አብሮ ይስፈር። ለመጻፍ እምቢ ያለ ሻጭ የሚነግራችሁ ነገር አለ፤ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

ሪሴቱ እየሄደ ሳለ ዩኤስቢዎቹን በየተራ በፍላሽ ሞክሩ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ዝጉና ማጠፊያው ይንቋቋ እንደሆነ አዳምጡ። ሲያልቅ ኖትፓድ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ፤ በተለይ ኤፍ2፣ ኤፍ4፣ ኢኩዋል፣ የቀስት ቁልፎችና ኮንትሮል፣ ኤክሴል ላይ እረፍት የማያገኙት እነሱ ናቸው።

[ስክሪን፦ ኤክሴል፣ ፋይል፣ ኦፕሽንስ]

ቤት ስትደርሱ ‹‹ክራክ›› የተደረገ ኦፊስ ከመጫናችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲያችሁ የተማሪ ኢሜይል ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ማይክሮሶፍት ለተመዘገቡ የትምህርት ተቋማት ተማሪዎች በብራውዘር የሚሠራ ኤክሴል በነፃ ይሰጣል። የዴስክቶፑ ሲኖራችሁ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድ-ኢንስ፣ ከታች ጎ ብላችሁ አናሊሲስ ቱልፓክና ሶልቨር ላይ ምልክት አድርጉ። ዳታ በሚለው ገጽ ቀኝ ጫፍ ላይ ይወጣሉ። የቱልፓኩ ሪግሬሽን ከ16 በላይ ገላጭ ተለዋዋጭ አይቀበልም፤ ከዚያ ለሚበልጥ ሞዴል ነፃ የሆኑት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ግሬትል ወይም አር በ8 ጂቢ ማሽን ላይም ያለችግር ይሠራሉ።