ድንኳኑን ማን ያደርቃል?

እንደምን አመሻችሁ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የሐረጎን መንገድ ጉም ውጦት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ይህን ወረቀት አውጥቼ ልለማመድ ብል ጠመዝማዛው አላስነበበኝም። ከተደናቀፍኩ እንግዲህ ጥፋቱ የሐረጎ ነው። እዚህ ደርሼ ጃኬቴን አወለቅኩ፤ ማታ ስመለስ እለብሰዋለሁ። ሁሌም እንዲሁ ነው።

ያዘጋጃችሁት ልጆች ስትደውሉልኝ "ስለ ኦፕን ሶርስ የሚያነቃቃ ነገር ንገረን" ነበር ያላችሁኝ። ማነቃቃት አልችልበትም። ስለ ድካም ግን ብዙ አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ ድንኳን ላውራችሁ።

ወሎ ላደገ ሰው ቅሬ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ከአዲስ አበባ ለመጣችሁ፣ ዕድር ማለታችን ነው። የሰፈራችን ቅሬ አንድ ትልቅ ድንኳን ነበረው። ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑን ለመትከል ሰው ይሻማል። አንዱ ገመድ ይስባል፣ አንዱ ካስማ ይመታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቆሞ "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ይላል። ለቀስተኛው ሲበተን ድንኳኑ ይነቀላል። ክረምት ከሆነ ርጥብ ነው። ርጥቡን ጠቅልለው ካስቀመጡት ይሻግታል። ያንን ድንኳን አጥራቸው ላይ ዘርግተው የሚያደርቁ አንድ አባት ነበሩ። የተቀደደውንም በወስፌ ይጥፉታል። ማንም አልሾማቸውም፣ ማንም አመሰግናለሁ ሲላቸው አልሰማሁም። በመጨረሻ ታመው ብዙ ወር ተኙ። አላህ ይዘንላቸውና፣ ያረፉ ቀን ቅሬው ድንኳኑን ሲያወጣ ሸራው ተበልቷል፣ ሽታው አያስቀምጥም። ለእሳቸው ለቅሶ ከሌላ ሰፈር ድንኳን ተዋስን።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ኮድ እየጻፍኩ ስኖር በየጊዜው ትዝ የሚለኝ ያ ሸራ ነው።

ኦፕን ሶርስ ምን እንደሆነ እናንተ ፊት ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ኮዱ ለሁሉም ይታያል፣ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ጅማሬዎቹን ሁሉም ይተርካቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ለራሱ መዝናኛ የጀመረውን ነገር ለዓለም አሳየ። ያ ነገር ሊኑክስ ሆነ፤ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ዋና ሶፍትዌር። ኪሳችሁ ውስጥ አንድሮይድ ካለ ሊኑክስ ይዛችኋል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ከ30 ዓመት በላይ የሌሎችን ኮድ ሲያነብና ሲመልስ መኖሩን ግን ማን ይተርካል? እ.ኤ.አ. በ2018 ሰዎችን ስለሚያመናጭቅበት አነጋገሩ ይቅርታ ጠይቆ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራው ገለል ብሎ ነበር። እኔ ከሊኑክስ ታሪክ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። ድንኳን የሚያደርቅ ሰውም ይቆጣል፤ ይደክመዋል።

የእኔ ፕሮጀክት ትንሽ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደሴ፣ ሸዋበር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ የምትቀይር ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ ኮድ፣ ጻፍኩ። ለራሴ ሥራ ነበር። ሰው ኮዱን የሚያጋራበት ጊትሃብ ላይ አስቀመጥኳት። ሰው አገኛትና መጠቀም ጀመረ። ደስ አለኝ። አንድ ቀን የማላውቀው ሰው ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም "ይህን ለውጥ ኮድህ ውስጥ አስገባልኝ" የሚል ጥያቄ፣ ላከልኝ፤ ቀኑ ትክክለኛ መሆን አለመሆኑን የምትፈትሽ አጭር ፈንክሽን ነበረች። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አየኋት። ሦስት መስመር ናት። ያምራል አልኩ። አረንጓዴዋን የመቀበያ ቁልፍ ተጫንኩና ተኛሁ።

አሁን ወደ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. እንሂድ።

ያንን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት የለም። ስልክ ግን ይሠራል። ጠዋት አንድ ቁጥር ደወለ። አዲስ አበባ ያለ ፕሮግራመር ነው፤ ቁጥሬን ከሰው ከሰው አፈላልጎ ያገኘ።

"ወንድሜ፣" አለኝ፣ "ሲስተሙ ዛሬ የሚባል ቀን የለም ይላል።"

የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው። ሕመምተኛው ተሰልፏል። የቀን ሳጥኑ ውስጥ ጳጉሜን 6 ሲገባ ቀይ ይሆናል፤ አልመዘግብም ይላል። ሳይነግረኝ ገባኝ። ፈረንጅ፣ መቶዎቹን ትተን፣ ለአራት ሲካፈል ምንም የማይተርፈውን ዓመት በአንድ ቀን ያስረዝማል። እኛ ሦስት የሚተርፈውን ነው። 2015ን ለአራት ብታካፍሉት ሦስት ይተርፋል፤ ስለዚህ ጳጉሜን ስድስት ናት። ያቺ የምታምር ባለ ሦስት መስመር ፈንክሽን የፈረንጁን ሕግ ነበር የያዘችው። ላይብረሪዋ ከተወለደች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ጳጉሜን 6 ያቺ ቀን ነበረች። ለዚህ ነው ማንም ያላወቀው። ኮዱን የላከልኝን ሰው አልወቅስም። ቴስት፣ ማለትም ኮዱን የሚፈትን ኮድ፣ ሳልጽፍ ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። አዲስ ሪሊዝ፣ የታረመውን እትም ማለቴ ነው፣ ማውጣት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እኔ፤ እኔ ደግሞ ኢንተርኔት የለኝም። የፓስወርዱም የአወጣጡም ነገር የትም አልተጻፈም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ላፕቶፔን አንግቤ ፒያሳ የመስመር ኢንተርኔት ወዳለው ጓደኛዬ ቢሮ ሄድኩ። መብራት የለም። ጠበቅን። ቡና ተፈላ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ መብራት የለም። ሲመጣ መሽቷል። አዲሱን ሪሊዝ ስጭነው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ክሊኒኩ ሕመምተኞቹን በወረቀት መዝግቦ በሩን ዘግቷል። ሦስት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ መስከረም 1 ገባና ባጉ፣ ማለትም ስህተቱ፣ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

ሳቁ። እኔም አሁን እስቃለሁ።

በሳምንቱ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የደመወዝ ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ነው፤ ስሙን ተዉት። ላይብረሪዋን ውስጡ አድርጎ ይሸጣል። "በ24 ሰዓት ውስጥ የጽሑፍ ማብራሪያ እንድትሰጡ" ይላል። "እንድትሰጡ" ሲሉኝ ብዙ ሰው መስያቸው ነው። የላይብረሪዋ የአጠቃቀም ፈቃድ ኤምአይቲ የሚባለው ነው፤ ባለበት ሁኔታ የተሰጠ፣ ዋስትና የሌለው፣ ብሎ በግልጽ ተጽፏል። መጀመሪያ የጻፍኩትን መልስ እዚህ አላነበውም፤ ደግነቱ አልላክሁትም። ሁለተኛው አንድ መስመር ነበር፦ "ይህ ስህተት እንዳይደገም ቴስት ጽፋችሁ ላኩልኝ።" ድርጅቱ ዝም አለ። ከሁለት ወር በኋላ ግን እዚያው የሚሠራ አንድ ልጅ፣ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ስም፣ ቴስት ላከ። ጥሩ ቴስት ነው። እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

እነዚያን ቴስቶች ሳሰናዳ ወደ አንድ መሪጌታ ሄጄ ነበር። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ናቸው። ላፕቶፔን ከፍቼ ቀኖቹን በሰንጠረዥ አሳየኋቸው። ስክሪኑን አላዩትም። "ዓመቱን ንገረኝ" አሉኝ። ነገርኳቸው። "5500 ጨምርበት፣ ለአራት አካፍል። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ጳጉሜን የምትሰድሰው በሉቃስ ነው።" ጣታቸው መቋሚያው ላይ ትንሽ ትንሽ ይላል፤ ኮዴ ውጤት ሳያወጣ እሳቸው ቀጣዩን ዓመት ይጠይቁኛል። ከሰንጠረዡ ሁለት ስህተት አወጡልኝ። ጊትሃብ አካውንት የላቸውም። ሪድሚው፣ ማለትም የላይብረሪዋ መግለጫ ገጽ፣ ላይ ካሉት ስሞች ግን የእሳቸው አንደኛ ነው።

አሁን ከእኔ ትንሽ ጉዳይ ወደ ትልቁ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ የዓለም ባንኮችና ድረ ገጾች ምስጢራቸውን ለመጠበቅ የሚመኩበት ኦፕንኤስኤስኤል የተባለ ሶፍትዌር በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2000 ዶላር ገደማ እንደነበር ያኔ ተሰማ። የሚጠብቁትም በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ የባሰው ግን ኤክስዜድ ነው። ፋይል የምታሳንስ መሣሪያ ናት፤ ሊኑክስ ባለበት ሁሉ አለች ማለት ይቻላል። ለዓመታት የያዛት አንድ ሰው ነው፣ ያለ ክፍያ። ደክሞት ነበር፤ መድከሙንም በአደባባይ ተናግሯል። ያኔ የማይታወቁ ስሞች ብቅ ብለው ይጎተጉቱት ጀመር። ለምን ዘገየህ? ካልቻልክ ለምን ለሌላ አትሰጥም? ጎን ለጎን ደግሞ ጂያ ታን የሚባል ትሑት ረዳት አለ። ኮድ ይልካል፣ አይቆጣም፣ አይቸኩልም። እንዲህ እያለ ሪሊዝ የማውጣት ቁልፉን አገኘ። ነገሩ በጠቅላላው ከሁለት ዓመት በላይ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ 5.6.0 በተባለው ሪሊዝ ውስጥ የሌባ በር ሠርቶ አወጣ። የተያዘው በምን መሰላችሁ? አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር ኤስኤስኤች በሚባለው መንገድ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ብንሆን "ኔትወርኩ ነው" ብለን እናልፋት ነበር። እሱ ግን ተከታትሎ ሥሩን አገኘ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእኔም በር ተመሳሳይ ነበራ። ያቺን ሦስት መስመር የላከልኝ ሰው ክፉ ቢሆንስ? ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የደከመው ሰው ለማንም ይከፍታል።

ከዚያ በኋላ የቀየርነው ብዙ አይደለም። ሪሊዝ የማውጣት ቁልፉ አሁን ሦስት ሰው ጋ ነው። አንዱ እኔ ነኝ፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ ሦስተኛዋ እዚህ ኮምቦልቻ ናት። አሁን ከኋላ ተቀምጣ "ስሜን እንዳትጠራ" እያለችኝ ነው። አልጠራሁም። ሪሊዝ እንዴት እንደሚወጣ አንድ ገጽ ላይ በአማርኛ ተጽፏል፤ እኔ ብሞትም ይወጣል። በዓል ሲመጣ ደግሞ ይቀለናል። ለፋሲካ እሷ ትጠብቃለች፣ ለዒድ እኔ እጠብቃለሁ። ይህንን ወሎ ውስጥ የፈጠርነው አዲስ ነገር አታድርጉት፤ ሰፈራችን ሲሠራበት የኖረ ነው።

የከበደኝ እምቢ ማለት ነው። ወሎዬ እምቢ አይልም፣ "እናያለን" ይላል። አንዱ የአየር ሁኔታ ይጨመር አለ፤ እናያለን። ሌላው ሎተሪ የሚወጣበት ቀን አለ፤ እናያለን። "እናያለን" ያልኩት ኢሹ፣ ማለትም ጊትሃብ ላይ የተጻፈ ጥያቄ፣ ሁለት ዓመት ተከፍቶ ቆየ፤ ሰውየው በየወሩ መጥቶ ይጠይቃል። በትሕትና ያሰቃየሁት እኔ ነኝ። አሁን በመጀመሪያው ሳምንት "አንቀበለውም፣ ምክንያቱ ይህ ነው" እንላለን። ሰው ይቀየማል፣ ከዚያ ይረሳል።

ትልቁ ጠባችን ግን በኮድ አልነበረም። "ጳጉሜ" ወይስ "ጳጉሜን"? ሦስት ሳምንት። መዝገበ ቃላት ተጠቀሰ፣ ግሪክ ድረስ ተኬደ፣ አያት ተጠራ። ኅዳርን በየትኛው "ኀ" እንጻፍ የሚለውን አልጀመርነውም እንጂ እስካሁን እዚያው ነበርን። በመጨረሻ ላይብረሪዋ "ጳጉሜን" ብላ ትጽፋለች፣ ሁለቱንም ግን ትቀበላለች አልን። "ጳጉሜ" ይሁን ያለው ልጅ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ጎበዝ ልጅ ነበር። ዛሬ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ስልክ እደውልለት ነበር። በጽሑፍ የተጣላ ሰው በድምፅ ይታረቃል።

ከእናንተ የምፈልገው አዲስ ፕሮጀክት አይደለም። አዲስ ድንኳን ሞልቷል። ያለውን የሚያደርቅ ነው የጠፋው። ላፕቶፕ የሌላችሁ አላችሁ፣ አውቃለሁ። በስልክ ሪድሚ ማንበብ ይቻላል። አንብባችሁ ያልገባችሁን መስመር ጻፉልን፤ ያ ራሱ ሥራ ነው። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው አሉ፣ ወደ አማርኛ መልሱላቸው። የተዘጋ የሚመስል ባግ ቤታችሁ ሞክሩና "አሁንም አለ" በሉን። የመጀመሪያውን ፑል ሪኩዌስት ስትልኩ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል። የእኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ቀን መልስ ካላገኛችሁ አኩርፈን አይደለም፤ መብራት ጠፍቶብን ነው።

የሚቀጥለው ሉቃስ 2019 ነው። ጳጉሜን 6 ይመጣል። የዚያን ቀን ጠዋት እኔ ጠበል ላይ ነኝ፣ ስልኬ ቤት ነው። ሲስተማችሁ "ዛሬ የሚባል ቀን የለም" ካላችሁ ወደ ኮምቦልቻ ደውሉ።