አፊኒ፦ ሰማችሁ ወይ?

(በሐዋሳ ለአገር ሽማግሌዎች፣ ለሃይማኖት አባቶች፣ ለእናቶችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በር አጠገብ ቆማችሁ የቀራችሁ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

የፊት ወንበሮች ባዶ እንደሚሆኑ ይህን ወረቀት ስጽፍም አውቄዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ የፊት ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው። ኑ፣ ግቡና ተቀመጡ። ዛሬ ፈተና የለም።

እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። አዘጋጆቹ "ስለ እርቅ ሩብ ሰዓት ያህል ይናገሩልን" ሲሉኝ ሳቄ መጣ። በእኛ አገር ስለ እርቅ ያልተናገረ ማን አለ? ተናጋሪው ከታራቂው ሳይበዛ አይቀርም። ስለዚህ ሩቅ ሳልሄድ ከዚሁ ከከተማችን ልጀምር።

ሐምሌ 2010 ላይ የሲዳማ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን በይፋ አቀረበ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ይላል። ዓመቱ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሞላ። ሕዝበ ውሳኔው አልተደረገም። በዚያ ቀንና በማግስቱ የሆነውን እዚህ ያላችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በከተማችንም በዙሪያዋም ሰው ሞተ። ቤትና ሱቅ ተቃጠለ።

ከዚያስ? አራት ወር አለፈ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ያው ሕዝብ፣ ለዚያው ጥያቄ፣ በጠዋት ተነስቶ ተሰለፈ። ነጠላ ያጣፉ እናቶች ነበሩ። ከዘራ የያዙ አዛውንቶች ነበሩ። ድምፁን ሰጥቶ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ። ድምፅ ከሰጠው ሰው ከመቶ 98 በላይ የሚሆነው ክልልነትን መረጠ። ሰኔ 2012 ላይ ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ጥያቄው ሐምሌም ኅዳርም አንድ ነበር። መልሱም አንድ ነበር። በመሃል የተጨመረ ነገር ቢኖር መቃብር ነው። ኅዳር ላይ የተገኘው የድምፅ መስጫ ሣጥን ሐምሌ ላይ ቢገኝ ምን ነበረበት? ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን እዚህ ቆሜ አልፈርድም። ያዘገየ አለ። በንዴት ክብሪት የጫረም አለ። እኔን የሚቆጨኝ "ሳይቃጠል በቅጠል" እያልን አድገን፣ ቅጠሉን ፍለጋ የምንወጣው ጣሪያው ከተደረመሰ በኋላ መሆኑ ነው።

አገራችንም ከከተማችን አልተሻለችም። የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ተጀመረ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ተደራዳሪዎቹ ፕሪቶሪያ ላይ የተቀመጡት ግን አሥር ቀን እንኳ አይሞላም። ከአሥር ቀን ላነሰ ንግግር ሁለት ዓመት ጠበቅን። "ጊዜው ገና አልበሰለም ነበር" የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። እሺ፤ ጊዜ የሚበስለው በስንት ሬሳ ነው? ቁርጡን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ስምምነቱም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። ዛሬም ቤቱ ያልተመለሰ ተፈናቃይ አለ።

ዛሬም በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ጥይት ይጮኻል። ስለ ፖለቲካ ቀውሱ ማወቅ የፈለገ ሰው ቴሌቪዥን ከሚከፍት መናኸሪያ ሄዶ ሾፌሮችን ቢጠይቅ ይሻለዋል። የት ጋ ሰው እንደሚታገት ያውቃሉ። ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማይኬድ ያውቃሉ። ለተርታው ሰው ቀውስ ማለት ይኸው ነው። ዘመድ ሞቶ፣ ለቀብር ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ ማደር።

ጎረቤታችን ኬንያ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2000 ላይ በምርጫ ውጤት ተጣላች። ከ1 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። መቶ ሺዎች ተፈናቀሉ። የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን መጥተው ሁለቱን ተፎካካሪዎች ኪባኪንና ኦዲንጋን አስቀመጧቸው። እሳቱ ገና ሳይጠፋ ነው የተቀመጡት፤ "መጀመሪያ ይብረድ" አልተባለም። ምርጫው በተደረገ በሁለት ወር ገደማ ተፈራረሙ። አንዱ ፕሬዚዳንት፣ አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ተዋደዱ ወይ? ኧረ በጭራሽ! ግን አብረው ሠሩ፤ በሐምሌ 2002 አዲስ ሕገ መንግሥት በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ። ያን ጊዜ በተቃራኒ ጎራ የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታና ዊሊያም ሩቶ በ2005 ምርጫ ተጣምረው ተወዳደሩ። ፕሪቶሪያ ላይ እኛን ካሸማገሉት አንዱ እኚሁ ኡሁሩ ናቸው። ኬንያ ገነት ናት አልላችሁም፤ ከዚያም ወዲህ ሰው ሞቶባታል። ነገር ግን ሲሸመገል የከረመ አገር ጎረቤት ለማሸማገል በቃ።

አሁን ወደ ሶንጎ፣ ወደ ሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ልውሰዳችሁ። አፌን የፈታሁት በሌላ ቋንቋ ነው፤ ካጠፋሁ ሲዳማ አባቶቼ አርሙኝ። ሽማግሌዎች ሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲመረምሩ አንድ ቃል ይወጣል፦ አፊኒ። "ሰማችሁ ወይ?" ማለት ነው። ነገሩ ለሁሉም ጆሮ ሳይደርስ ውሳኔ የለም። የሚፈለገውም ሃላሌ ነው፤ እውነቱ።

ጥያቄውን ልብ በሉት። "ተስማማችሁ ወይ?" አይልም። "ሰማችሁ ወይ?" ነው የሚለው። በአማርኛም ብታዩት መስማትና መስማማት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ታሪክ እንጂ ሰዋስው አላስተማርኩም። ግን ይህን ለማየት ሰዋስው አያስፈልግም፤ ያልሰማ አይስማማም። እኛ ግን መስማቱን ዘለን መስማማቱ ላይ ጉብ ማለት እንወዳለን። መጨባበጥ፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ። ከዚያ በየመኪናችን።

የራሴን ልንገራችሁ።

ሰኔ 2010 ላይ ይህች ከተማ በብሔር ስትታመስ በእኛ ሰፈርም ነገር ተነሳ። አንዲት ጎረቤት አለችን። ብሔሯን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ግማሹ አዳራሽ "አየህ!" ይላል፤ ግማሹ "ውሸት ነው" ይላል። ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ናቸው። ከዚያ ሰኔ በኋላ ቀረች። ባለቤቴ ግን ቡና ባፈላች ቁጥር የእሷን ሲኒ ረከቦቱ ላይ ትደረድራለች። "ለማን ነው?" እላለሁ። "ዝም በል" ትለኛለች። ሲኒዋ ሳትቀዳ ትነሳለች።

መስከረም ላይ ይመስለኛል፣ ሴትዮዋ በራችን ላይ ስታልፍ ሲኒዋን አየቻት። ቆመች። ገባች። እኔ አሁን ተቃቅፈው ይላቀሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ምን በወጣት! ሳትቀመጥ ጮኸችብን። "ልጄ መንገድ ላይ ሲደበደብ በራችሁን አንኳኳ። ዘጋችሁበት!" አለች። ብዙ አለች። ጀበናው ሁለቴ ገነፈለ።

እውነቷን ነበር። በሩ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። የማን ልጅ እንደሆነም በድምፁ አውቄያለሁ። ልጆቼን ወደ ጓዳ አስገብቼ መቀርቀሪያውን የገፋሁት እኔ ነኝ። ፈራሁ። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ያን ሦስት ወር ሙሉ ግን "እሷ ናት የቀረችው" እያልኩ ነበር የማወራው። የተበደልኩት እኔ መስዬ!

ያን ቀን አልታረቅንም። ያን ቀን የሰማሁት ብቻ ነው። "ፈርቼ ነው" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ቡናውንም ሳትጠጣ ሄደች። ተመልሳ የጠጣችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህን ቤት ወስዳችሁ አገር አድርጉት። ስንቱ ነው በሩን ዘግቶ "እነሱ ቀሩብን" የሚለው?

ታኅሣሥ 2014 ላይ በአዋጅ ቁጥር 1265 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተቋቋመ። 11 ኮሚሽነሮች ተሾሙ። ሦስት ዓመት ተሰጣቸው፤ አልበቃም፤ ተራዘመ። ከእሱ በፊት በ2011 ዓ.ም. 41 አባላት ያሉት የእርቀ ሰላም ኮሚሽን ነበረ። የምታስታውሱት እጅ አውጡ ልል ነበር፤ ተውት፣ እንተፋፈራለን። አዲሱ ኮሚሽን አይረባም የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። ከየወረዳው ሰው ሰብስቦ "አጀንዳችሁ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ በዚህ አገር ታሪክ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ጠመንጃ ያነሱት አልተቀመጡበትም። "ገለልተኛ አይደለም" ብለው የቀሩ ፓርቲዎችም አሉ። ከሚስማማን ሰው ጋር ብቻ መመካከር ቡና መጠጣት ነው። ደስ ይላል፤ ግን ለእሱ አዋጅ አያስፈልገውም። የቀሩትን ሰዎች ሲኒ ማን ይደርድር?

መንግሥት ይደርድር እላለሁ። በእኛ ወግ ጉልበት ያለው ነው ቀድሞ የሚጎነበሰው። ደካማ ሲጎነበስ ፍርሃት ይባላል፤ ብርቱ ሲጎነበስ ትልቅነት ነው። በተናገረውና በጻፈው ብቻ የታሰረ ሰው ካለ ይፈታ። ከታጠቁት ጋር በግልጽም በጓዳም የሚያነጋግር መንገድ ይከፈት። በቀሩት ፓርቲዎች ቤት ሽማግሌ ይላክ፤ አንዴ ሳይሆን አሥር ጊዜ። ለልጃችን ሚስት ስንጠይቅስ ስንት ጊዜ እንመላለስ የለ?

ነፍጥ ያነሳችሁ ወንድሞችም፣ ድምፄ ከደረሳችሁ፦ ጥያቄያችሁ እውነት ሊሆን ይችላል። የእኛም የሐምሌው ጥያቄ እውነት ነበር። መንገደኛ ማገት ግን የየትኛውም ጥያቄ መልስ አይሆንም። የታገተው ሰው እናት ከዚያ በኋላ ጥያቄያችሁን አትሰማም።

እናንተ ሽማግሌዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ ትንሽ እንተማማ። አበል ሲኖር የምንገኝ፣ በተላከ መኪና ካልሆነ የማንሄድ፣ የጠራንን ወገን ደስ የሚያሰኝ ብቻ የምንናገር ሆነናል። ሽማግሌን ሽማግሌ የሚያሰኘው የጠራውንም መቆጣት መቻሉ ነበር። ወጣቶቹ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ በየደቂቃው ሼር የሚያደርጉትን እናማርራለን። እነሱ እኮ እኛ ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ የምንለውን ነው በአደባባይ የሚሉት።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። እርቅ ማለት ተበዳይን "በቃ ይቅር በይ" ብሎ ማስጨነቅ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሐይቃችንን ተመልከቱት። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን የሚታይ ወንዝ አይወጣም። የጣሉበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሰው ላይ የተጣለ በደልም እንደዚያው ነው፤ ወጥቶ ካልተነገረ የትም አይሄድም። ደቡብ አፍሪካውያን ከአፓርታይድ በኋላ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ሲያቋቁሙ "ምሕረት የፈለገ መጥቶ የሠራውን ሳይደብቅ ይናገር" አሉ። ከ7 ሺህ በላይ ማመልከቻ ቀረበ። ምሕረት ያገኘው 849 ነው። ዝም ብሎ የሚታደል ምሕረት አልነበረም። ዛሬ ያ ሥራ ጎደሎ ነበር ብለው የሚተቹ ደቡብ አፍሪካውያን አሉ፤ ካሳው ዘገየ፣ ያልተከሰሱ ቀሩ ይላሉ። ትችታቸው ለእኛም ትምህርት ነው። እኛም ሚያዝያ 2016 ላይ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቀናል። ፖሊሲውን ያነበበ ዳኛ ብቻ ሳይሆን ልጇ የሞተባት እናትም "ይህ የእኔ ነው" እንድትል መደረግ አለበት። ያ ገና ይቀረናል።

ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ የተጣላ ታርቆ ነው አዲሱን ዓመት የሚቀበለው። ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰስ ቅርስነት ከመዘገበው ከ2008 ወዲህ እንግዳው በዝቷል፤ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ ካሜራ ይዞ የሚጋፋው ብዙ ነው። ጭፈራውን ቀረጽን። ከጭፈራው በፊት ያለውን ሥራ፣ ማታ ማታ ሽማግሌ ከቤት ቤት እየዞረ የሚሠራውን፣ ማንም አልቀረጸውም። ይህ አዳራሽ አንድ ነገር ይወስን ከተባልኩ የምጠይቀው ያንን ነው። በየቀበሌው፣ ፖሊስና ካድሬ በሌለበት፣ ሰው ተቀምጦ የሆነበትን የሚናገርበት፣ ሌላው ደግሞ ሳያቋርጥ የሚሰማበት ምሽት ይኑር። መልስ መስጠት ክልክል ይሁን። ለመጀመሪያው ቀን መስማት ይበቃል።

ንግግሬን ትናንት ማታ ለአንዲት ሴት አነበብኩላት። ያቺ ጎረቤታችን ናት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዞራችሁ አትፈልጓት። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ "በዚያ ሰኔ ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር ተኳረፍን" ብቻ ነበር የሚለው። አዳምጣ ጨረሰችና "መምህር፣ በሩን የዘጉትን ለምን ዘለሉት?" አለችኝ። ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት።

አመሰግናለሁ።